የወንድሜ ሚስት ስም አትጠራም

እኔ የባሌን ስም የምጠራው ስናደድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በቀን ውስጥ ደጋግሜ እጠራዋለሁ። የወንድሜ ሚስት ግን እንደኔ አይደለችም። ከሰርቦ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር የመጣች፣ እናቷ በወግ ያሳደገቻት ልጅ ናት። ከተዳረች ጀምሮ የባሏም ሆነ የባሏ አባት ስም ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። በኦሮሞ ደንብ ይህ ለጉ ይባላል። ሚስት የባሏንና የአማቶቿን ስም አትጠራም፤ ወጉን አጥብቃ የያዘች ደግሞ መነሻው ከስሙ ጋር አንድ የሆነውን ቃል ሁሉ ትታ በምትኩ ሌላ ትፈልጋለች። ዛሬ ዛሬ ጅማ ከተማ ውስጥ ይህን የሚጠብቅ ጥቂት ሰው ነው፤ የእኛዋ ከጥቂቶቹ አንዷ ሆና ቁጭ አለች።

ችግሩ የአባቴ ስም መነሻ ከቡና መነሻ ጋር አንድ መሆኑ ነው። አባቴ ሰርቦ የቡና ገበሬ ናቸው። ጓሮው ቡና፣ ማስጫው ቡና፣ ወሬው ቡና፤ እሷ ግን እዚያ ቤት ገብታ አንድም ቀን «ቡና» ብላ አታውቅም። ዛፉ ላይ ሳለ «ቀዩ»፣ ሲደርቅ «ጥቁሩ» ትለዋለች። ቡችላም የተከለከለ ቃል ሆነ። ስለዚህ የግቢውን ቡችላ ስትጠራ «አንተ የውሻ ልጅ፣ ና ወዲህ!» ትላለች። አንዴ በበሩ የሚያልፍ ባለጋሪ እሱን የሰደበችው መስሎት ጋሪውን አቁሞ ሊጣላ ገባ፤ አባቴ ናቸው ይቅርታ ጠይቀው የሸኙት።

ለእኔም ስም አውጥታልኛለች። ሙሽራ የባሏን እህት በስሟ ስለማትጠራ «ሸጋዬ» አለችኝ። የወለደችኝ እናቴ እንኳ ሸጋ ብላኝ አታውቅም። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል።

ወንድሜ ከሠርጉ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አገር ጥሎ ወጣ። ጊዜው ክፉ ነበር፤ ጓደኞቹ ታስረው እሱም ይፈለግ ነበር። በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ ባሕሩን ተሻገረ። ስለዚያ መንገድ አይነግረንም፣ እኛም አንጠይቀውም። የደረሰበት አገር ብርዱ የታወቀ ነው፤ ስሙን አልጽፍም፤ እኔም አንድ ቀን ቪዛ እፈልግ ይሆናል። እዚያ ጥገኝነት ጠይቆ ካምፕ ተቀመጠ። መጀመሪያ ኔጋቲቭ ብለው ከለከሉት፣ ይግባኝ ብሎ ወረቀት አገኘ። ቋንቋውን ተማር አሉት፣ ተማረ። ሥራ ያዝ አሉት፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት ገባ። ሚስትህን ለማስመጣት የሚበቃ ደመወዝና ቤት ይኑርህ አሉት፣ እሱንም አሟላ። እዚያ አገር መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ሕጉ ይከብዳል ይላል፤ ዘንድሮ የተፈቀደው ለከርሞ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ በሩ ሳይዘጋ ማመልከቻውን አስገባ።

የቀረው አንድ ነገር ነበር። ኤምባሲው ሚስቱን አዲስ አበባ ጠርቶ ጋብቻው እውነተኛ መሆኑን ማጣራት አለበት። ልጅ አልወለዱም። የሠርጉ ፎቶዎች የነበሩበት ስልክ በረሃ ላይ ቀርቷል። የኒካው ምስክሮች ሽማግሌዎች ናቸው፤ ማን አዲስ አበባ ድረስ ይወስዳቸዋል? ጉዳዩ ሁሉ በእሷ አፍ ላይ ወደቀ፤ ያ አፍ ደግሞ ስም አይጠራም።

ወንድሜ በስልክ ያለን ይህን ብቻ ነው፦ «ይጠይቋታል፤ እውነቱን ትናገር፤ አትፍራ።» እኔ ግን ነጋዴ ነኝ። እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ ጨርቅ ስሸጥ ነው ዕድሜዬ ያለቀው፤ ዕቃ ጥሩ ስለሆነ ብቻ እንደማይሸጥ አውቃለሁ፣ ዘርግቶ ማሳየትም ያስፈልጋል። ስለዚህ ላስጠናት ወሰንኩ። ለወንድሜ ግን አልነገርነውም። ኤምባሲው ስልክ ያዳምጣል የሚል ወሬ ገበያው ውስጥ ይናፈስ ነበር፤ ማን እንዳመጣው አይታወቅም፣ ሁላችንም አመንን። ከእሱ ጋር ስናወራ ስለ ዝናብ ብቻ ሆነ ወሬያችን። «እትዬ፣ ጅማ ምን ሆነ? በቃ ዝናብ ብቻ ነው እንዴ ያለው?» ይለኛል። «ኧረ ወላሂ፣ ዘንድሮስ በዝቷል» እለዋለሁ።

የኤምባሲውን ሰው ሆኖ እንዲጠይቃት ጎረቤቴን ልብስ ሰፊውን ለመንኩት። እሱም ከረባት አስሮ፣ መርፌ ውስጥ ክር ሲያስገባ የሚያደርገውን መነጽር አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰክቶ ሱቄ ጓዳ ገባ። ጣቃዎቹ መሃል ተቀምጦ አማርኛውን እንደ ፈረንጅ እየሰባበረ ጀመረ።

«አንቺ... ሠርግ... ዝናብ ነበር?»

«አልነበረም።»

«ምን ተበላ?»

«ገንፎ በቅቤ፣ ከዚያ በሬው። ብርዝም ነበር፤ እንግዳ ስለበዛ ብርዙ አልቆ ውሃ ጨመሩበት።»

«በጣም ጥሩ! ባልሽ ሲተኛ ያንኮራፋል?»

«አንተ!» አልኩት። እሱም «ይጠይቃሉ፣ ምን ላድርግ?» አለ። እሷ አፏን በሻሿ ሸፍና ራሷን ነቀነቀች፤ ያንኮራፋል ማለቷ ነው። ይህንንስ እኔም እመሰክራለሁ።

ሁሉንም መለሰች። ቤቱ ስንት በር እንዳለው፣ ወንድሜ የቱ ጥርሱ እንደተሸረፈ፣ በስንት ዓመቱ እንደተገረዘ ሳይቀር። ከዚያ ልብስ ሰፊው «የባልሽ ስም ማነው?» ሲላት ዝም አለች። አንገቷን ደፍታ «ህንጄዹ» አለች፣ አልልም ማለቷ ነው። የአባቴን ስም ጠየቃት፤ ያኔማ ጭራሽ ተነሥታ ከጓዳው ወጣች። እኔ ራሴን ያዝኩ። ልብስ ሰፊው ከረባቱን እየፈታ «ይቺ ልጅ እዚያ ሄዳ ዝም ካለች፣ ባሏን የማታውቅ ናት ብለው ነው የሚመልሷት» አለ። ቀልዱ ከፊቱ ላይ ጠፍቶ ነበር።

እኔም ሚኒባስ ይዤ ሰርቦ አባቴ ዘንድ ወሰድኳት። ነገሩን ስነግራቸው ማስጫው ዳር ተቀምጠው አዳመጡኝና «የፈረንጅ ቢሮ የእኔን ስም ምን ያደርግለታል?» አሉ። ባያስፈልገውም ይጠይቃል አልኳቸው። አሰቡና አስጠሯት። እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው መረቁና «ልጄ፣ ፈቅጄልሻለሁ። የልጄንም የእኔንም ስም ጥሪ። አላህም እኔም አንቀየምሽም» አሏት። ጉልበታቸውን ስማ «እሺ አባባ» አለች። «በይ እስቲ ሞክሪው» አልኳት። አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት። አባቴ «ተያት፣ ተያት» እያሉ ፊታቸውን አዞሩ። እንዳይታይባቸው ነው እንጂ ኩራታቸውን አይቼዋለሁ፤ ተናደድኩባቸው።

መላ የዘየድኩት እኔ ነኝ። ቀጠሮዋ እስኪደርስ ቦሳ ኪቶ እኔ ቤት አሳደርኳት፤ ጓሮው ላይ ባዶ ጀሪካን ነበር። «አፍሽን እዚህ ላይ ግጠሚና ለጀሪካኑ ንገሪው፤ ሰው አይሰማም» አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቆይታ ተንበርክካ አፏን ገጠመች። የሆነ ነገር ሲያጉረመርም ሰማሁ። ከዚያ ቶሎ ብላ ክዳኑን ገጥማ አጠበቀችው፤ ስሙ እንዳይወጣ መሰለኝ። በየማለዳው ውሃ ከመቅዳቷ በፊት እንዲህ አደረግን። እስከ ቀጠሮው ቀን ድረስ የወንድሜንም የአባቴንም ስም ያን ያህል ያዳመጠ ጀሪካን በጅማ የለም። እኔም ልጅቷ ተዘጋጅታለች ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

አዲስ አበባ አብረን ወጣን። እሷ ኤምባሲው ስትገባ እኔ ፊት ለፊት ካለ ጁስ ቤት ተቀመጥኩ። አቮካዶ አዘዝኩ፤ አልወርድ አለኝ። ለጥቂት ጊዜ እንኳ አስቤው የማላውቀው ነገር መጣብኝ፦ ከከለከሏት ምን ትሆናለች? ባል እያላት ባል የሌላት፣ ሚስት ሆና ሙሽርነቷ ያላለቀ። ወንድሜ ስደተኛ ነው፤ ተመልሶ አይገባም። እሷም ካልሄደች ዕድሜያቸውን በስልክ ሊጨርሱት ነው። ጁሱን ትቼ መንገዱ ላይ ቆምኩ።

ስትወጣ አንገቷን ደፍታ ነበር። ጥቂት ከሄድን በኋላ የሆነውን ሁሉ ነገረችኝ። ጠያቂዋ ፈረንጅ ሴት ናት፤ አጠገቧ ደግሞ አስተርጓሚ አለች፣ የአዲስ አበባ ልጅ።

«የባለቤትዎ ስም ማነው?»

«ወረቀቱ ላይ አለ።»

«ወረቀቱ ላይ እንዳለ እናውቃለን። ከእርስዎ መስማት ነው የምንፈልገው።»

«እናንተ አንብቡት፤ ልክ ከሆነ አዎ እላለሁ።»

«የባለቤትዎ አባት ስምስ?»

«እሳቸውም ከእሱ ቀጥለው ተጽፈዋል።»

«ሥራቸው ምንድን ነው?»

«ገበሬ ናቸው። ፍሬ ያደርቃሉ።»

«የምን ፍሬ?»

«ጅማ የሚታወቅበትን።»

«ጅማ በምን ይታወቃል?»

«ይህንንማ ዓለም ያውቀዋል፤ እርስዎ ይበሉት።»

ሴትዮዋ ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈች። ጠረጴዛዋ ላይ የነበረውን ስኒ አየችና «ቡና?» አለች።

«እሱን!»

ከዚያ ጠያቂዋ አጎንብሳ ብዙ ጻፈች፤ ሌላም ሌላም ጠይቃት አሰናበተቻት።

እኔ መሃል መንገድ ላይ ቆሜ ጮኽኩ። «ለጀሪካን የምትናገሪውን ለሰው መናገር ያቅትሻል? ያን ሁሉ ቀን ምን ስናደርግ ነበር?»

«ጀሪካኑ ለአባባ አይነግርም» አለች።

«ሴትዮዋስ ለአባባ ልትነግር ሰርቦ ትመጣለች?»

«ሸጋዬ፣ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን አገሬን ትቼ ልሄድ ነው። አባባን ማክበሬንም እዚያች ወንበር ላይ ትቼ ከተነሣሁ ምን ይዤ ነው የምሄደው?» አለችኝ። ሻሿን አስተካክዬላት ወደ መናኸሪያ ሄድን።

ወደ ጅማ ስንመለስ ወልቂጤ ለምሳ ወረድን። ወንድሜ ደወለ። «እትዬ፣ እንዴት ሆነ?» ሲለኝ ስለ ዝናብ ላወራ ነበር፤ ከዚያ ንዴቴ መጣ። ኤምባሲውም ይስማ ብዬ «ምን እንዴት ይሆናል፣ ስምህን መጥራት አቅቷት ወጣች!» አልኩት።

«ጭራሽ አልጠራችውም? የአባባንስ?»

«የአባባንም! ቡናንም!»

በስልኩ ውስጥ መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ልቅሶ መሰለኝ። ሳቅ ነው። «አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!» እያለ ይስቃል። አበደ ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። በኋላ ሲረጋጋ ነገረኝ። ከእሷ በፊት እሱንም እዚያው ጠይቀውት ነበር ለካ። ሚስትህ ምን ብላ ነው የምትጠራህ ሲሉት፣ «አትጠራኝም። የእኔን ስምም የአባቴን ስምም ጠይቋት፤ ከጠራችላችሁ የእኔ ሚስት አይደለችም። ቡናም አትልም» ብሏቸዋል። እነሱም ጽፈውት ነበር። «የኔ ጭንቀት ምን እንደነበር ታውቂያለሽ እትዬ? አንድ አዋቂ ነኝ ባይ አስጠንቶ እንዳያበላሻት ነበር» አለኝ።

አዋቂ ነኝ ባይዋ ጥብሱን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ «ማን ያስጠናታል? ኧረ እኛ ምንም አላልናትም» አለች። ስልኩን ለእሷ ሰጠሁና ጥብሱን ብቻዬን ጨረስኩት፤ እንደዚያ ቀን ጥብስ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ፈቃዱ የመጣው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ልብስ ሰፊው ከዚያ ቀን ጀምሮ «ያስጠናኋት እኔ ነኝ» እያለ ሱቁ ለገባ ሁሉ ያወራል። ሌሎች ሁለት ሴቶችም ባሎቻቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው መሰለኝ አስጠናን ብለው መጥተውበታል። እኔ ሄጄ «ዝም በሉ፣ እውነቱን ተናገሩ፣ ሌላ ምንም አታድርጉ» ብዬ አባረርኳቸው። ከረባቱን ስላስፈታሁት እስካሁን ይቅር አላለኝም።

ከሄደች በኋላ ሰርቦ ያለው ግቢ ፀጥ አለ። አባቴ ሳይታወቃቸው ቡናውን «ጥቁሩ» ማለት ጀመሩ። ለነጋዴው «ጥቁሩን መቼ ትወስዳለህ?» ሲሉት ሰውዬው ምን እንደሆነ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ።

እሷ በየጊዜው ትደውልልኛለች። ውህደት የሚሉት የመጤዎች ትምህርት አለ፤ ቋንቋውን፣ ሕጉን፣ ቆሻሻ በየዓይነቱ ለይቶ መጣልን ይማራሉ፣ ይፈተናሉ። አልቃወምም፤ ቤቱ የእነሱ ነው። እኛ መርካቶ ግን እንዲህ ያለ ፈተና ኖሮን አያውቅም። ልብስ ሰፊው በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር ሲመጣ አንዲት የኦሮምኛ ቃል አያውቅም ነበር ይባላል። እድር አስገቡት፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ተከለ፣ ሠርግ ላይ ወጥ ተሸከመ። አንድ ቀን ሰዎች ልብ ሲሉ በኦሮምኛ እየተሳደበ አገኙት። ያን ቀን አለፈ በሉት። ለእሷ ይህን ነግሬያት «መቼ ነው የምትሳደቢው?» ስላት «መምህሯ ገና አላስተማረችንም» አለችኝ።

ከሁሉም የከበዳት ግን ሌላ ነው። እዚያ አገር ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። በሥራ ቦታም፣ በጤና ጣቢያም፣ ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤት ሳይቀር ወንድሜን በአባታችን ስም ይጠራዋል። መጀመሪያ ሰሞን ደረጃው ላይ የአማቷ ስም ሲጮህ በሰማች ቁጥር ሻሿን ፊቷ ላይ ትስብ ነበር። ጎረቤቶቹ ዓይነ አፋር ናት ብለው ይበልጥ ወደዷት፤ ኬክ ጋግረው አመጡላት።

ባለፈው ሰሞን ደወለች፤ ድምፅዋ ሌላ ነበር። «ሸጋዬ፣ አንድ ነገር አድርጌያለሁ» አለች። ከወንድሜ ጋር ለትምህርት እየሄዱ ባቡር ጣቢያ ነበሩ። እሱ ማሽኑ ጋ ጀርባውን ሰጥቶ ትኬት ይቆርጣል። ባቡሩ መጣና ሕዝቡ እየገፋ እሷን ይዟት ገባ። «አንተ!» አለች፤ ማንም አልዞረም። በአማቷ ስም ልትጠራው አሰበች፤ እሱንማ ብትሞት አታደርገውም። በሩ ሊዘጋ ነው፤ የት እንደምትወርድ አታውቅም። ያኔ ስሙን ጠራችው። በሙሉ ድምፅዋ፣ ባቡር ሙሉ ሰው ፊት።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«መጀመሪያ አልዞረም። ቆመ። ከዚያ ሮጦ መጣና በሩ ጃኬቱን እየያዘው ገባ። አጠገቤ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ምነው ስለው፣ እዚህ አገር ከገባሁ በዚህ ስም ጮክ ብሎ የጠራኝ የለም አለኝ።» ከዚያ «አባባ ይቀየሙኝ ይሆን? አንቺ ንገሪልኝ፣ እኔ አፍራለሁ» አለች።

በማግስቱ ሰርቦ ሄድኩ። አባቴ ማስጫው ላይ ያለውን ቡና በእጃቸው እያገላበጡ ነበር። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ነገርኳቸው፤ ጣቢያውን፣ ሕዝቡን፣ ስሙን። እጃቸው ቆመ።

«ሰማት?» አሉ።

«ሰማት። ሮጦ ደረሰባት።»

«ከሄደ ጀምሮ፣ ያ ልጅ የጠፋ እንደሆነ በስሙ ማን ይጠራዋል እል ነበር» አሉ። ከዚያ እጃቸውን አራግፈው ወደ እኔ ዞሩ። «አልተቀየምኳትም በያት። ደጋግማ ትጥራው።»